ስለ አሮጌ ጠመንጃ፣ ስለ ካዝናና ስለ ጭነት መኪና፦ የእሑድ ጥያቄና መልስ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ አቅራቢያ በአንድ ወዳጃችን ግቢ እየተሰበሰብን ስለ አሮጌ ጠመንጃ፣ ስለ አሮጌ ካዝናና ስለ አሮጌ የጭነት መኪና የምንጫወት ጥቂት ሰዎች ነን። ባለፈው ስብሰባ ማንም የፈለገውን እንዲጠይቅ ተወስኖ መልስ የመስጠቱ ተራ ለእኔ ስለ ደረሰ፣ የቀረቡልኝን ጥያቄዎችና የሰጠኋቸውን መልሶች ጽፌያቸዋለሁ። አብዛኞቹ ጥያቄዎች ከአንድ ነገር የተነሡ ናቸው፤ በአራዳና በአካባቢው አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱና ነዋሪው ወደ አዲስ ሰፈር ሲዛወር፣ ከቆጥና ከአልጋ ሥር፣ ከመደብር ጓዳና ከግቢ ጥግ የአያት ዕቃ እየወጣ ነው፤ የወጣውን ዕቃ ምን ማድረግ እንደሚገባ ግን የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ በቤቱ የለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአያቴን ጠመንጃ እናቴ «ምንሽር» ትለዋለች፤ አጎቴ ደግሞ ውጅግራ ነው ይላል። በምን ልለየው?

መልስ፦ ልጄ፣ ከሁሉ አስቀድመህ ባዶ መሆኑን አረጋግጥ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙረህ፣ ጣትህን ከምላጩ አርቀህ፣ ከኋላ የሚከፈተውን ዘንግ ሳብና ጥይት የሚቀመጥበትን ጎሬ በዓይንህ ተመልከት። ዘንጉ በዝገት ተይዞ አልከፈት ካለ አትታገለው፤ ጥይት እንዳለበት ቆጥረህ ሳትነካው ለፖሊስ አስታውቅ። ብዙ ቤት ውስጥ «ይህ እኮ አሮጌ ነው» የተባለ ጠመንጃ ጎርሶ ተቀምጦ ተገኝቷል።

ወደ ስሙ ስንመለስ፣ የድሮ ሰዎች ለጠመንጃ የሰጡት ስም ከየሀገሩ የመጣበትን መንገድ ይዞ ይገኛል። ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የወጣ ነው፤ ግራ የሠራው የፈረንሳይ መኮንን ስም ሲሆን፣ ጠመንጃው እ.ኤ.አ. በ1874 የፈረንሳይ ጦር የተቀበለው የ11 ሚሊሜትር መሣሪያ ነው። ስናድር ከስናይደር፣ ምንሽር ከኦስትሪያዊው ማንሊኸር፣ በልጅግ ከቤልጅግ፣ መትረየስም «ሚትራዬዝ» ከሚለው የፈረንሳይ ቃል የመጡ ናቸው። ችግሩ ስሙ ከጊዜ በኋላ መስፋቱ ነው፤ በብዙ ቤት ምንሽር የተባለው ጠመንጃ ሲታይ ማንሊኸር ሳይሆን ሌላ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በስሙ አትመራ፤ ብረቱን ተመልከት።

ውጅግራ አንድ ጎራሽ ነው። የጥይት ካዝና የለውም፤ አንድ ጥይት ይጎርሳል፣ ይተኮሳል፣ ቀለሁ ይወጣል፣ እንደገና ይጎርሳል። ከሰደፉ ፊት ሆድ አውጥቶ የሚታይ ነገር ከሌለው፣ ዘንጉም ሲከፈት ከሥሩ ክፍተት ሳይሆን ድፍን ብረት ከታየህ፣ አጎትህ እውነት ሳይኖረው አይቀርም። በጎኑ ላይ በእጅ ጽሕፈት መልክ የተቀረጸ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ካገኘህ፣ ለምሳሌ ሴንት ኤቲየን የሚል የፋብሪካ ስም ከተነበበ፣ ነገሩ አለቀ። ማንሊኸር ግን አምስት ጎራሽ ነው፤ የ1895ቱ ዓይነት ዘንጉ ወደ ላይ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የሚሳብ በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ በእጁ የያዘው ሰው በጨለማም ቢሆን አይስተውም።

ሌሎችም ሊያጋጥሙህ ይችላሉ። ከኋላው መዶሻ የመሰለ ምላስ ያለውና ሲከፈት ሌላ ብረት አብሮ ወደ ኋላ የሚንከባለል ከሆነ ሬሚንግተን ነው፤ ይህ ዓይነት በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ድል ከተመታው የግብፅ ጦር በብዛት ተማርኳል። የጣሊያኑ ቬተርሊ 10.35 ሚሊሜትር ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የጣሊያን ጦር በአብዛኛው የያዘው እሱን ነበር፤ አዲሱ የጣሊያን ጠመንጃ ካርካኖ በዚያን ጊዜ ተሠርቶ ሳለ ወደ አፍሪካ ለዘመተው ሠራዊት የተሰጠው አሮጌው መሆኑ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ካርካኖ 6.5 ሚሊሜትር፣ ስድስት ጥይት በአንድ ላይ በብረት ማቀፊያ የሚጎርስ ሲሆን፣ የመጨረሻው ጥይት ሲገባ ማቀፊያው በሆዱ በኩል ይወድቃል። በአፈሙዙ ሥር ከፋብሪካው ስም አጠገብ በሮማ ቁጥር 14 የታተመበት ካርካኖ ካገኘህ፣ በፋሺስቶች የዘመን አቆጣጠር 14ኛው ዓመት ማለት ነው፤ ይኸውም የ1928ቱ ወረራ ዓመት ነው። አያትህ እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ከጠላት ማርከውት ከሆነ፣ ቁጥሩ የእሳቸውን ቃል ይደግፋል።

ጽሑፉ ደክሞ አልነበብ ካለህ ስስ ወረቀት ደርበህ በእርሳስ ጎን በቀስታ አሽ፤ በዓይን የማይታየው ፊደል ወረቀቱ ላይ ይወጣል። በምስማርም በሽቦ ብሩሽም አትነካካው።

ጥያቄ፦ እኛም ቤት ውጅግራ አለ፤ ለአባታችን ሙት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ሰማይ ብንተኩሰውስ?

መልስ፦ አይሆንም፣ ወንድሜ፤ ይህን ስል ለባህሉ ክብር አጥቼ አይደለም። ለጀግና ሲቀበር ጠመንጃ ማስጮህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የአያቴ ቀብር ላይ ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ነገር ግን የእርስዎ ጠመንጃ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አጋማሽ ጭስ አልባውን ባሩድ ካገኙ በኋላ የጥይት ግፊት በጣም ከፍ ብሏል፤ ለአሮጌው ግፊት የተሠራ ብረት አዲሱን አይችልም፤ ሲሰነጠቅ ደግሞ የሚሰነጠቀው ከተኳሹ ጉንጭ አጠገብ ነው። ዝናሩ ውስጥ የቀረው አሮጌ ጥይትም አይታመንም፤ ባሩዱ በጊዜ ብዛት ይበላሻል፣ ቀለሁ አረንጓዴ ያወጣል፣ ይሰነጠቃል። ወደ ሰማይ የተተኮሰ እርሳስ የሆነ ቦታ መውረዱ አይቀርም፤ በከተማ መካከል የሚወርድበት ቦታ የሰው ጣሪያ ነው። ጥይቱን ለፖሊስ ያስረክቡ፤ ጠመንጃው ዝም ብሎ ይኑር።

ጥያቄ፦ የተወረሰ ጠመንጃ በቤት ማስቀመጥ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ያለ ፈቃድ አይፈቀድም። ጉዳዩ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ያለ ፈቃድ መያዝም፣ ለሌላ ሰው ማስተላለፍም፣ መሸጥም ወንጀል ነው፤ «አሮጌ ስለሆነ አይመለከተኝም» የሚል ሰው ራሱን ያሳስታል። ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልላችሁ ታክሲ ውስጥ ይዛችሁ ወደ ጣቢያ አትሂዱ፤ በመጀመሪያ ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ አስታውቁ፣ የወራሽነት ማስረጃችሁን አሳዩ፣ ከዚያ እንዴት እንደሚቀርብ እነሱ ይነግሯችኋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የተዉት በልጅግ ዝጓል፤ እንጨቱም ደርቆ ነጭ ሆኗል። ሰፈራችን ያለ አንድ ባለሙያ በአሸዋ ወረቀት ፍቄ እንደ አዲስ አደርገዋለሁ ብሎኛል። ላስደርገው?

መልስ፦ እባክዎ አያስደርጉት፣ እትዬ። ይህን የምለው ራሴ አጥፍቼ ስለ ተማርኩ ነው። በወጣትነቴ አንድ የቤተሰባችን ወዳጅ የሆኑ ሽማግሌ ፈቃድ የነበረውን በልጅጋቸውን እንዳጸዳላቸው ሰጡኝ። የቤልጅግ መኮንኖች በ1920ዎቹ መጀመሪያ የክብር ዘበኛን ሊያሠለጥኑ በመጡበት ዘመን አካባቢ ከተገዙት 7.92 ሚሊሜትር ማውዘሮች አንዱ ነበር፤ ከዚያ ዘመን ጠመንጃዎች መካከል የይሁዳ አንበሳ የታተመባቸው አሉ፤ በእሳቸውም ላይ ነበረ። እኔ ግን ዝገት ብቻ ነበር የታየኝ። ግማሽ ቀን በአሸዋ ወረቀት ስፈትግ ውዬ ብረቱ እንደ ማንኪያ አበራ። ሽማግሌው ተቀብለው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉና አውራ ጣታቸውን አንበሳው በነበረበት ቦታ ላይ ደጋግመው አመላለሱት። ከአንበሳው የቀረው የጭራው ጫፍና አንድ እግር ነበር። ምንም አላሉኝም፤ አመስግነው ሄዱ። የዚያን ቀን የተፋቀው ነገር በምንም ብልሃት አይመለስም።

ትክክለኛው አሠራር ዝግ ያለ ነው። ቀይ ዝገቱን በዘይት አርሰው አንድ ቀን ያሳድሩት፤ ከዚያ በጣም ቀጭን የሆነውን የብረት ሱፍ በዘይቱ ነክረው፣ ሳይጫኑ ያሹት፤ ቀዩ ሲለቅ ጥቁሩ ወይም ቡናማው የቀድሞ ልባስ ይቀራል፤ እሱን ይተዉት፤ ብረቱን ከአዲስ ዝገት የሚጠብቀው እሱ ነው። ፊደልና ምልክት ባለበት ቦታ በጨርቅ ብቻ ይጥረጉ። የወጥ ቤት ቅቤ አይቀቡት፤ ቅቤ ሲቆይ አሲድ ያወጣና ብረቱን ይበላል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ያው ነው። ለጠመንጃ ወይም ለልብስ ስፌት መኪና የሚሸጥ ቀጭን ንጹሕ ዘይት ይበቃል።

ለእንጨቱ መድኃኒቱ ከቤታችን የማይርቅ ነው፤ የተልባ ዘይት። ጥቂት ጠብታ በመዳፍዎ ይዘው እንጨቱ እስኪሞቅ ይሹት፤ የተረፈውን በጨርቅ ጠርገው ቀን ይስጡት፤ ከዚያ ይድገሙት። ሦስት አራት ጊዜ ሲደገም ነጩ ለቆ የእንጨቱ የራሱ ቀለም ከውስጥ ይነሣል። የተጠቀሙበትን ጨርቅ ግን ጨብጠው ጥግ ላይ አይጣሉት፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይግላል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ዘርግተው ውጭ ያስጡት።

አንድ ተጨማሪ ነገር ልንገርዎ። ባለቤትዎ በሕይወት ሳሉ ተኩሰውበት ከሆነ የአፈሙዙ ውስጥ ከውጩ ይልቅ የተጎዳ ሊሆን ይችላል። የድሮ ጥይት ማቀጣጠያ ከተተኮሰ በኋላ ጨው ይተዋል፤ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል፤ በዘይት አይሟሟም፤ በውሃ ነው የሚሟሟው። ስለዚህ የድሮ ወታደሮች አፈሙዝን በሙቅ ውሃ አጥበው፣ አድርቀው፣ ከዚያ በኋላ ዘይት የሚያገቡት በከንቱ አልነበረም። ጠመንጃውንም በቆዳ አፎቱ ውስጥ አያስቀምጡት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ በቆዳ ውስጥ ዓመታት ያሳለፈ ብረት ስፌቱ በነካው መስመር ላይ ተበልቶ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ውስጥ ይሸጣሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ዋጋቸውስ?

መልስ፦ እውነት ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአሜሪካ የአስመጪነት ፈቃድ ያለው ድርጅት ከሀገራችን ያረጁ ካርካኖዎችን፣ ቬተርሊዎችን፣ ውጅግራዎችንና ማውዘሮችን አስገብቶ ለሰብሳቢዎች ሸጧል። የሚገዙት ሰዎች ኢትዮጵያ ውስጥ የተመታበትን ምልክት፣ በሽቦ የታሰረውን ሰደፍ፣ በቆዳ የተለበጠውን አንገት እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ታሪክ ይቆጥሩታል። ይህ ለእኛ ደስታም ሐዘንም ነው። ግለሰብ ግን ይህን ሰምቶ የአያቱን ጠመንጃ አሻግሮ ለመሸጥ ቢሞክር በሁለቱም ሀገር ሕግ ወንጀለኛ ይሆናል፤ ዋጋውን ያልነገርኳችሁ ስለዚህ ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ ዋጋው አይደለም፤ ከእነዚያ ጠመንጃዎች እያንዳንዱ የአንድ ሰው ስም ነበረው፤ ስሙን ሳይጽፍ የለቀቃቸው ወገን አለ። በየቤታችሁ ያለውን ቢያንስ እናንተ ጻፉለት፤ ማን ያዘው፣ ከማን ማረከው ወይም ተቀበለው፣ የት ዘመተበት።

ጥያቄ፦ አባቴ የቃኘው ዘማች ነበሩ። ኮርያ ላይ የያዙት ጠመንጃ ምን ነበር?

መልስ፦ አባትዎ እግረኛ ተዋጊ ከነበሩ ከአሜሪካ ጦር የተሰጣቸው ኤም-ዋን ጋራንድ ሳይሆን አይቀርም። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮርያ ሲደርስ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ነበር የተሰለፈው፤ ትጥቁም የዚያ ጦር ትጥቅ ነበር። ጋራንድ ስምንት ጎራሽ፣ ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ምላጩ በተሳበ ቁጥር ራሱን የሚያጎርስ ጠመንጃ ነው። ስምንተኛው ጥይት ሲያልቅ የብረት ማቀፊያው ተፈናጥሮ ሲወጣ የሚያሰማው ጥርት ያለ ድምፅ አለ፤ በሕይወት ያሉ ዘማች ካገኙ ይጠይቋቸው፤ ሌላውን ቢረሱ ያንን ድምፅ አይረሱትም። ሲጎርስ አውራ ጣቱን ቶሎ ያላነሣ ወታደር ዘንጉ ይቀረጥፈዋል፤ ይህንንም ያስታውሱታል። ከዚያ ዘመቻ 121 ሰዎች ሲሞቱ ከ530 በላይ ቆስለዋል፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። አባትዎ የተዉት ሜዳልያና ፎቶግራፍ ካለ ከጠመንጃ ይልቅ ያንን ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ያለው ጠመንጃና የቤት ካርታ አንድ ላይ የማስቀምጥበት ካዝና መግዛት እፈልጋለሁ። ሻጮች ሁሉ «እሳት አይበግረውም» ይላሉ።

መልስ፦ ደስ የሚል ጥያቄ ነው፤ «ካዝና» የምንለው ቃል ለጠመንጃ ጥይት መያዣም ለገንዘብ ማኖሪያም የሚያገለግል መሆኑ ራሱ ሁለቱ ነገሮች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ያሳያል። ነገር ግን እሳትን የሚከላከል ካዝናና ሌባን የሚከላከል ካዝና ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ ሻጭ ይህን ለይቶ ካልነገርዎ ራስዎ ይለዩት። ሌባን የሚያቆመው የብረት ውፍረት፣ የመዝጊያዎቹ ጥንካሬና ወለሉ ላይ መታሰሩ ነው። እሳትን የሚያቆመው ደግሞ በሁለት ቀጭን ላሜራ መካከል የተሞላው ጀሶ ወይም ሲሚንቶ ነክ ነገር ነው። ጀሶ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ውሃ ነው፤ ሲሞቅ ያ ውሃ በእንፋሎት ይወጣና ሙቀቱን ያቀዘቅዛል፤ ወረቀትም በዚህ ምክንያት ሳይቃጠል ይቆያል። ብዙዎቹ የእሳት ፈተናዎች የሚያረጋግጡት የውስጡ ሙቀት ለተወሰነ ጊዜ ከ177 ዲግሪ እንዳያልፍ ነው፤ ስለዚህ ስንት ደቂቃ እንደሆነ በጽሑፍ ያሳዩኝ ይበሉ።

የጀሶው ጣጣ እሳት በሌለበትም ቀን መኖሩ ነው። እርጥበቱ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይወጣል፤ ተዘግቶ በሚኖር ካዝና ውስጥ ጠመንጃ ያለ ጥበቃ ካስቀመጡ፣ ከአንድ ክረምት በኋላ ሐምሌና ነሐሴ የሠሩትን ያዩታል። በመድኃኒትና በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው ሲሊካ የሚባለው እርጥበት መጣጭ በከረጢት ይሸጣል፤ ከጠገበ በምድጃ በ120 ዲግሪ ገደማ ለሁለት ሦስት ሰዓት ሲደርቅ እንደገና ይሠራል። ወረቀቶቹን በፕላስቲክ ሸፍነው ለየብቻ ያኑሯቸው። በየወሩ መጀመሪያ ካዝናውን ከፍቶ ማናፈስ ከሁሉም ይበልጣል።

ስለ ሌባ ደግሞ፣ በአሜሪካ ዩኤል በተባለው የዕቃ መፈተኛ ድርጅት ፈተና ዝቅተኛው የመኖሪያ ቤት ደረጃ የሚመሰክረው አንድ ሰው በተራ የእጅ መሣሪያ ለ5 ደቂቃ ቢታገለው እንዳይከፈት ብቻ ነው። ቲኤል-15 የተባለው ደረጃ 15 ደቂቃ በኃይለኛ መሣሪያ ይፈተናል፤ በጣም ከባድና ውድ ነው። ለመኖሪያ ቤት እኔ የምመክረው ላሜራው ከ3 ሚሊሜትር ያላነሰ፣ በወለሉ ኮንክሪት ላይ በቦሎን የተጠበቀ፣ ከውጭ በማይታይ ክፍል የቆመ ካዝና ነው። ያልታሰረ ካዝና ሁለት ሰው በጋሪ ይወስደዋል፤ ቤቱ ሄዶ ተረጋግቶ ይከፍተዋል።

ጥያቄ፦ በቁጥር የሚከፈት ኤሌክትሮኒክ ይሻላል ወይስ ቁልፍ?

መልስ፦ የሚዞረው የድሮ ቁጥር። ባትሪ አይፈልግም፣ ቁልፉ አይጠፋም። ኤሌክትሮኒክ ከገዙ ባትሪው ከውጭ የሚለወጥ ይሁን። የቁጥሩን ወረቀት በካዝናው ጀርባ የሚለጥፍ ሰው አይቻለሁ፤ ይህን አታድርጉ።

ጥያቄ፦ አባታችን ፒያሳ በነበራቸው ሱቅ ከሰው ቁመት ትንሽ የሚያንስ የፈረንሳይ ካዝና ትተውልናል። ቁልፉ የለም። እኛ ወደ ኮንዶሚኒየም ተዛውረናል። እንዴት እንክፈተው፣ እንዴትስ እናጓጉዘው?

መልስ፦ ምንም ቢቸኩሉ ብየዳ ቤት አይውሰዱት። የእኛ ቤተሰብ ያደረገውን ልንገርዎ። አጎቴ ሲሞቱ የመደብራቸው ካዝና ቁልፍ ጠፋ፤ ወንድሞቼ አንድ የታወቀ የብየዳ ሠራተኛ ጠሩ። ሰውየው በጋዝ እሳት በሩን ቀደደው፤ የቀለጠው ብረት ወደ ውስጥ እየፈሰሰ፣ በግድግዳው መካከል የነበረው እንጨት ፍቅፋቂ እየጨሰ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ በሩ ወለቀ። ከላይኛው መሳቢያ የቤቱ ካርታ ወጣ፤ ጠርዙ ጥቁር ሆኖ፣ መሐሉ የሻይ ቀለም ይዞ፣ ሲነኩት እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበር ነበር። ካዝናው በከንቱ ታሪኩን አጣ፤ ካርታውን ለማስተካከል ዓመታት ፈጀ።

የድሮ ካዝና ቁልፍ አሠሪው ትዕግሥተኛ ከሆነ ይሠራለታል። በሩ ላይ ያለውን የፋብሪካ ስምና ቁጥር በወረቀትና በእርሳስ ያንሡ፤ ፊሼ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1825 የተመሠረተ የፈረንሳይ ቤት ነው፤ ቸብ ከሆነ የእንግሊዝ ነው። የቁልፍ ቀዳዳውን የሚሸፍነውን ቁራጭ ብረት ገፋ አድርገው አቧራውን ያውጡ፤ ዘይት አይጨምሩ። መሰርሰር ግድ ከሆነ አንድ ቀጭን ቀዳዳ የሚበቃው ባለሙያ ይፈልጉ፤ የአንዳንድ ድሮ ካዝናዎች መሙያ ለሳንባ ጎጂ የሆነ አስቤስቶስ ስላለበት አፍንጫ መሸፈን፣ አቧራውንም በውሃ ማርጠብ ያስፈልጋል።

ማጓጓዙ የሚጀምረው ከመመዘን ነው። እርስዎ በነገሩኝ መጠን ካዝናው ከ500 ኪሎ አያንስም። የመኖሪያ ቤት ወለል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው በአንድ ካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ነው፤ የካዝናው እግር ግን ከግማሽ ካሬ ሜትር በታች ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ከምድር ቤት በላይ ከሆኑ መሐንዲስ ሳይጠይቁ አያስወጡት፤ ቢፈቀድም ከግድግዳና ከምሰሶ አጠገብ እንጂ ከክፍሉ መሐል አይቆምም። መደርደሪያዎቹን አውጥተው፣ በሩን በገመድ አስረው፣ ከሥሩ ሦስት ወፍራም የውሃ ቱቦ እያስገቡ ያንከባሉት። ከቁልቁለት በታች ሰው እንዳይቆም። ለፒያሳ ጠባብ መንገድ ኢሱዙ ይበቃል፤ ነገር ግን ጭነቱ ከጀርባ ጫፍ ሳይሆን ከጋቢናው ተጠግቶ ይታሰር።

ጥያቄ፦ ግቢዬ ውስጥ የአባቴ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከቆመ 20 ዓመት ሊሞላው ነው። ሞተሩን ማስነሣት ይቻላል? ለምንስ መሪው በቀኝ በኩል ሆነ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ፊያት 682 እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የተሠራ፣ ሞተሩ ከጋቢናው ሥር የሆነ መኪና ነው፤ ኤን-ትሬ ማለት በጣሊያንኛ የሦስተኛው ዓይነት መለያው ነው፤ ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር፣ 11.5 ሊትር ናፍጣ ነው። ጣሊያኖች ራሳቸው «የአፍሪካ ንጉሥ» ብለውታል። ከአሰብ ነዳጅና ስንዴ ከነተሳቢው ጭኖ፣ በኮምቦልቻና በጣርማ በር ዋሻ አድርጎ አዲስ አበባ የገባው ትውልድ መኪና እሱ ነው። መሪው በቀኝ የሆነው ለእንግሊዝ ሥርዓት ተብሎ አይደለም፤ የጣሊያን የከባድ መኪና ሠሪዎች በተራራ መንገድ ሹፌሩ የገደሉን ጠርዝ በራሱ ዓይን እንዲያይ ብለው ነው እንዲህ የሠሩት። ሀገራችን በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንጃ ስትዛወር ይህ መሪ ይበልጥ ትርጉም አገኘ፤ በሊማሊሞና በጣርማ በር የነዱ ሽማግሌዎች የጎማቸውን ጫፍ እያዩ እንደሚያልፉ ይነግሩዎታል። ስለዚህ ማንም «ወደ ግራ እናዙረው» ቢልዎ አይፍቀዱ።

ሞተሩን በባትሪ ለማስነሣት አይሞክሩ። በመጀመሪያ ዘይቱን ያውጡና ይመልከቱ፤ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል። ናፍጣውን ከታንከሩ አፍስሰው ዝቃጩን ያጥቡ። በየሲሊንደሩ ጥቂት ቀጭን ዘይት ጨምረው ሳምንት ያሳድሩት፤ ከዚያ በረጅም ብረት ሞተሩን በእጅ ያዙሩት። ከዞረ ተስፋ አለ፤ ካልዞረ አይታገሉት፤ ቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ይነሣ። የፍሬን የአየር ቱቦዎችን አይመኑ፤ ሁሉንም ይለውጡ። ጎማዎቹን ከሁሉ በላይ ይፍሩ፤ የእነዚህ መኪናዎች ቸርኬ ባለ ቀለበት ነው፤ ዝጎ የተዳከመ ቀለበት ነፋስ ሲሞላ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ልምድ ያለው ጎሚስታ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ካልሆነ አይነካውም።

በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ይህ ሞተር ደግሞ አየር የሚያስገባለት ተርቦ የለውም፤ ስለዚህ አሰብ ላይ የነበረውን ጉልበት እዚህ አይጠብቁ፤ ናፍጣ ማስገቢያ ፖምፓው ለከፍታ ካልተስተካከለም ጥቁር ጭስ ያወጣል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ላይ መለዋወጫ የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ፤ ክፍሉን በጣሊያንኛ ስሙ ይጠይቋቸው፤ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ እያላችሁ ትግባባላችሁ።

ጥያቄ፦ ኢፋና ኡራል የጭነት መኪኖች ቢቀርቡልኝ የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ለመሰብሰብ ኢፋን። ምሥራቅ ጀርመን የሠራው ደብልዩ-50 የተባለው መኪና መሠራቱ ከቆመ ቆይቷል፤ በደርግ ዘመን ያልተሳፈረበት ገበሬና ወታደር አልነበረም፤ ዛሬ ግን እየተቆራረጠ ለምናለሽ ተራ ብረት ሆኗል። ኡራል ዛሬም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጠመንጃም መኪናም የለንም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከቸርችል ጎዳና፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ። እዚያ ያለው የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ነው፤ ጋፋት ላይ በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ የተሠራውና 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ዋናው መቅደላ ነው ያለው። ከዚያ ወደ ፒያሳ ውጣና በ2016 ዓ.ም. የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመልከት። ሌላ ቀን ወደ አምስት ኪሎ፣ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ሂድ። ደብተር ያዝ፤ መንካት በማይፈቀድበት ቦታ በዓይንህ አይተህ የተጻፈውን ፊደልና ቁጥር ሁሉ ቅዳ። በሚቀጥለው እሑድ ደብተሩን ይዘህ ና፤ የኤንትሬው ባለቤትም የሻንሲውን ቁጥር በእርሳስ አንሥቶ እንዲያመጣ ተስማምተናል፤ ሁለቱን አብረን እናነባቸዋለን።